በ4.9 ሰከንድ 240 ኪሎ ሜትር፦ ከልጅ ጋር በያስ ደሴት

ዱባይ ደርሶ የመጣ ሰው የሚያወራው ስለ ገበያው ነው፤ ስለ ዴራ ወርቅ፣ ስለ ልብስና ስለ ሻንጣ ኪሎ። ልጅ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ግን አንዱን ቀን ለአቡ ዳቢ ቢያተርፍ እመክራለሁ። ያስ በምትባለው ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ፌራሪ ወርልድ የሚገኘው እዚያ ነው። ፓርኩ አብዛኛው ክፍሉ በአንድ ግዙፍ ቀይ ጣሪያ ሥር ስለሆነ፣ ውጭ ሙቀቱ ሲያቃጥል ውስጡ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ለልጆች ሹራብ መያዝ አይከፋም።

የብዙውን ሰው ልብ የሚሰቅለው ግን ከጣሪያው ወጥቶ ወደ ሜዳው የሚሮጠው ፎርሙላ ሮሳ ነው። ሲከፈት ከዓለም ሮለር ኮስተሮች ሁሉ ፈጣኑ ነበር። ከቆመበት ተነስቶ በ4.9 ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ሐዲዱ ወደ 52 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ጉዞ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ለተሳፋሪው ሁሉ መነጽር ይታደላል። ለማማር አይደለም፤ በዚያ ፍጥነት ዓይን ውስጥ የምትገባ የአሸዋ ቅንጣት ቀልድ አይደለችም።

ብዙዎቻችን ሮለር ኮስተር እንደ ባቡር የራሱ ሞተር ያለው ይመስለናል። በአብዛኛው የለውም። የተለመደው ዓይነት በሰንሰለት ተጎትቶ ኮረብታው ጫፍ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳው የራሱ ክብደት ነው። የመጀመሪያው ኮረብታ ከሌሎቹ የሚበልጠውም ለዚህ ነው፤ ጉልበቱ በየመንገዱ እያለቀ ስለሚሄድ የኋለኞቹ ዝቅ ማለት አለባቸው። ፎርሙላ ሮሳ ግን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ በሃይድሮሊክ ኃይል ይወረወራል። «ከሐዲዱ ቢወጣስ?» ለሚል ወላጅ፦ ጎማዎቹ ሐዲዱን ከላይ፣ ከጎንና ከሥር ይዘውታል። ከሥር የሚይዘውን ጎማ አሜሪካዊው ጆን ሚለር የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ የተፈተነ ነገር ነው ማለት ነው።

እኔ የሄድኩት የአሥራ አንድ ዓመቱን የእህቴን ልጅ ይዤ ነው። ታላቅ እህቴ አቡ ዳቢ በሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ልጁ ያደገው አዲስ አበባ እናታችን ጋ ስለሆነ «እማዬ» የሚለው አያቱን ነው። እናቱን በስልክ ያውቃታል። በአካል ሲያገኛት ግን አቀፋትና ዝም አለ፤ ሲናገርም «እርስዎ» ይላት ጀመር። «ውኃ ይጠጣሉ?» ሲላት የእህቴን ፊት ማየት አልቻልኩም። ከአሠሪዎቿ ያገኘችው ፈቃድ አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት። መኪና እንደሚወድ ስለምታውቅ ፌራሪ ይሁን ያለችው እሷ ናት። ቲኬቱንም እኔ ልክፈል ብላት እሺ አላለችም።

ልጁ ከዚህ በፊት የሚያውቀው ቦሌ ያለውን ቦራ ነው። በሩ ላይ ቁመቱ ሲለካ በጣት ስፋት አለፈ። መጀመሪያ ሁለት ባቡሮች ጎን ለጎን የሚሽቀዳደሙበት ፊዮራኖ ላይ አለማመድነው፤ ከዚያ ወደ ትልቁ ሄድን። እናትና ልጅ አብረው፣ እኔ ከኋላቸው ተቀመጥን። ሲወረወር ነፋሱ ጆሮዬን ስለደፈነው ምንም አልሰማሁም። ከወረድን በኋላ ነው እህቴ ጎተት አድርጋ በሹክሹክታ የነገረችኝ፤ «‹እማዬ ያዢኝ!› አለኝ» አለች።

መውጫው በፎቶ መሸጫው በኩል ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ይህ በአጋጣሚ እንዳልተደረገ አውቃለሁ፤ ሰው ደስታው ሳይበርድ ቦርሳውን ይከፍታል። ለራሴ እንዲህ ያለ ፎቶ ገዝቼ አላውቅም። ስክሪኑ ላይ ግን ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በሁለት እጁ የእናቱን ክንድ ይዟል። እህቴ ዋጋውን ስትሰማ ሁለት ይሁን አለች፤ አንዱ አዲስ አበባ ለእናታችን።

ለመሄድ ካሰቡ የልጅዎን ቁመት ጫማ አውልቀው ቤት ይለኩና የእያንዳንዱን ጨዋታ ገደብ አስቀድመው ይዩ፤ በር ላይ ተመልሶ የሚያለቅስ ልጅ ቀኑን ያበላሻል። ቁመቱ ቢበቃም ካልፈለገ አይገፋፉት። ነፍሰ ጡር፣ የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ከሥር ሆኖ ቦርሳ ይጠብቅ። የጆሮ ጌጥ፣ ነጠላና ስልክ ሎከር ውስጥ ይቀመጡ። ምሳን ከትልቁ ጨዋታ በኋላ ያድርጉት። ፎርሙላ ሮሳ ከጣሪያ ውጭ ስለሚሮጥ ኃይለኛ ነፋስ ወይም ዝናብ ሲኖር ይቆማል፤ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት መሥራቱን ይጠይቁ። በተለይ የሚያገኟት እህት ወይም ዘመድ ሰዓቷ የተቆጠረ ከሆነ በር ሳይከፈት ደርሰው በቀጥታ ወደ እሱ ይሂዱ። ከሰዓት በኋላ ልጁ «አንድ ጊዜ ብቻ እንድገም» ሲል ሰልፉ ተጠማዞ ነበር፤ እህቴ ሰዓቷን አየችና ወደ ፊዮራኖ ይዛው ሄደች።