«የረጅም ጊዜ ድጋፍ» ያለው ኮምፒውተር ለምን ከርነሉን ይቀይራል?

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኡቡንቱ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች በሥራዬ ምክንያት ያጋጥሙኛል፡፡ ከተጠቃሚዎቹ የምሰማው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፡፡ «ይህ ሲስተም ለአምስት ዓመት አይነካም ተብሎ አልነበረም ወይ? ታዲያ ለምን በየጊዜው ከርነል ላውርድ ይላል?» ጥያቄው የቅንጦት አይደለም፡፡ መብራት በሚቆራረጥበት፣ ኢንተርኔት በሚዘገይበትና ባለሙያ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ፣ ጠዋት አልነሳም ያለ ኮምፒውተር የደመወዝ ሰነዱንም ሪፖርቱንም ይዞ ለቀናት ይቀመጣል፡፡ ስለዚህም ብዙዎች ማሻሻያውን «በኋላ» እያሉ ማሳለፍን መርጠዋል፡፡

ከርነል የሲስተሙ አስኳል ነው፡፡ ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና ዋይፋዩን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው፣ የትኛው ተጠቃሚ ምን መንካት እንደሚችል የሚወስነውም እርሱ ነው፡፡ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ዛሬ ከኡቡንቱ አልፎ የአንድሮይድ ስልኮችም መሠረት ሆኗል፡፡

ኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን ዕትም በየሁለት ዓመቱ ያወጣል፤ መደበኛ ድጋፉም አምስት ዓመት ይቆያል፡፡ ድጋፍ ሲባል ግን የአምስት ዓመት ጥገና ማለት ነው፡፡ ጥገናው ደግሞ ሁለት መልክ አለው፡፡ አንደኛው ቀዳዳ የሚደፍን ነው፤ የከርነሉ ዋና ቁጥር እንዳለ ይቆይና ከኋላው ያለው የጥገና ቁጥር ብቻ ያድጋል፡፡ ሁለተኛው ከርነሉን በአዲስ ትውልድ ይተካል፤ ዓላማውም ሲስተሙ ከወጣ በኋላ የተሠሩ ላፕቶፖችን ማስተናገድ ነው፡፡ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 የወጣው ኡቡንቱ 22.04 በ5.15 ከርነል ጀመረ፡፡ አዲሱን መስመር የሚከተሉ ዴስክቶፖች ግን በ2024 6.8 ላይ ደርሰዋል፡፡ በ5.15 መቆየት የፈለገ ሰውም ጥገናው አልተቋረጠበትም፡፡

የመጀመሪያው መስመር ጂኤ፣ ሁለተኛው ኤችደብሊውኢ ይባላል፡፡ ዴስክቶፕ ኡቡንቱ በተለምዶ የሚከተለው ሁለተኛውን ነው፡፡ የእኔ ምክር፣ ያለ ችግር የሚሠራ አሮጌ ማሽን ያለው በጂኤ ቢቆይ፣ ዋይፋዩ ወይም ስክሪኑ በትክክል የማይሠራለት አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ደግሞ ኤችደብሊውኢን ቢሞክር ይሻለዋል የሚል ነው፡፡

ሁለቱንም መተው ግን አያዋጣም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው «ደርቲ ካው» የተባለው ቀዳዳ ከ2007 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ነበር፡፡ ተራ ተጠቃሚ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ የማሽኑ ሙሉ አዛዥ መሆን ይችል ነበር፡፡ አንድን ኮምፒውተር ብዙ ሠራተኞች በየራሳቸው መግቢያ በሚጋሩበት ቢሮ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፡፡ ቀዳዳው ለዓለም ከታወቀ በኋላ ማሻሻያውን ማዘግየት በሩን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

«መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፡፡ ሆኖም ፋይሉ በመውረድ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ የሚበላሽ ነገር የለም፤ በኋላ ማውረዱን መቀጠል ይቻላል፡፡ ጥንቃቄ የሚያሻው በሚጫንበት ጊዜ ነው፡፡ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው፡፡ ከሁሉም በላይ ኡቡንቱ አዲሱን ከርነል ሲጭን የቀደመውን ወዲያው አያጠፋም፡፡ አዲሱ አልነሳ ካለ፣ ማሽኑ ሲበራ በሚመጣው ምርጫ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ከፍቶ አሮጌውን መምረጥ ይቻላል፡፡ ይህን የሚያውቅ ሰው ችግር ቢገጥመው እንኳ ሥራውን እየሠራ ባለሙያ መጠበቅ ይችላል፡፡

አዲሱ ከርነል ሥራ የሚጀምረው ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ መሆኑም አይዘንጋ፡፡ ላፕቶፑን ለሳምንታት ሳያጠፋ እየከደነ የሚሄድ ሰው ማሻሻያውን ቢጭንም የሚሠራው በአሮጌው ነው፡፡

ወጪውም ቀላል አይደለም፡፡ አንድ የከርነል ማሻሻያ ከ100 ሜጋ ባይት ሊበልጥ ይችላል፡፡ አሥር ማሽን ያለው ቢሮ ይህን አሥር ጊዜ ማውረድ የለበትም፤ «አፕት ካቸር ኤንጂ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም አንዴ የወረደውን አስቀምጦ በቢሮው ኔትዎርክ ለሌሎቹ ያድላል፡፡

በመጨረሻም ቀኑን ማወቅ ይገባል፡፡ የ22.04 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2027 ያበቃል፡፡ ከዚያ በኋላ «አድሰኝ» የሚለው መልዕክት ቢቀንስ ማሽኑ ጤነኛ ሆኗል ብሎ መደሰት አይገባም፤ በመደበኛው መንገድ የሚጠግነው ስለሌለ ነውና፡፡