ብርድ በቁጥር ሲሰፈር

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ እህል በቁና ሲሰፈር የኖረ መሆኑ የታወቀ ነው። ሰፋሪው አንድ፥ ሁለት እያለ ሙሉውን ቁና ይቈጥራል እንጂ በመካከል የቀረችውን እፍኝ አይቈጥርም።

ከፍና ዝቅ የሚለውን የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ቁጥር የሚመልሰው ለዋጭም ሥራው እንዲሁ ነው። ባለ 8 ቢቱ 256፥ ባለ 12 ቢቱ 4096 ደረጃ አለው። በመሐል ሜዳ አጠገብ በገብስ ማሳ ላይ የቆመ የሙቀት መለኪያ ለ1 ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል እንበል። ለዋጩ እስከ 5 ቮልት የሚሰፍር ባለ 8 ቢት ቢሆን፥ አንዱ ደረጃ 19.5 ሚሊቮልት ያህል፥ ይኸውም 2 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ውርጭ በሚያሰጋበት ሌሊት 0 ዲግሪና 1 ዲግሪ ተኩል በአንድ ቁጥር ሊጻፉ ይችላሉ። በ12 ቢት ግን ደረጃው 0.12 ዲግሪ ገደማ ነው።

መሐንዲሱ ይህን ሁሉ ለዋጩ ከመሠራቱ በፊት በኮምፒዩተር ይፈትናል። ነገር ግን በ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እንደወጣው እንደ ስፓይስ ባለ ፕሮግራም እያንዳንዱን ትራንዚስተር ማስላት ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ የውስጡን ዝርዝር ትቶ፥ ይህ ሲገባ ያ ይወጣል የሚል የጠባይ አምሳያ ይጽፋል።

አምሳያው ፈጣን ነው። ሆኖም የመነሻውን መዛነፍ፥ የደረጃዎቹን አለመተካከልና የኤሌክትሪኩን ሁከት ካልጨመረ፥ ጐደሎውን ቁና ሙሉ ነው ብሎ ይመሰክራል። ስለሆነም አምሳያ የሚጽፍ ወጣት የለዋጩን መልካም ጠባይ ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም አብሮ መጻፍ ይገባዋል፤ በወረቀት ላይ የተደበቀ ጉድለት ኋላ በማሳው ላይ መታየቱ አይቀርምና።