ከአጋሮ ወደ ሞምባሳ ባሕር ሥር፦ ለመጥለቅ ላሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች



ከአጋሮ እስከ ቅርቡ ባሕር ያለው መንገድ ረጅም ነው። ሆኖም ከተመራቂ ወንድሞችና እህቶች መካከል "ከምረቃ በኋላ አንድ ጊዜ ባሕር ገብተን ብናይ" የሚሉ እየበዙ መጥተዋል። የሚሉት ዳርቻ ላይ ተቀምጦ ማየትን አይደለም፤ የአየር ሲሊንደር አዝሎ ባሕር ሥር መግባትን፣ ማለትም ስኩባን ነው። ወደ ጀማዓው የሚመጡት ጥያቄዎች በአብዛኛው ሁለት ናቸው፦ ስንት ብር ይፈጃል? በሸሪዓስ ችግር የለውም? ሁለቱንም እንመለስባቸዋለን። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ማንም የማይጠይቀው ሦስተኛው ነው፦ ከባሕር ወጥቶ ወደ እኛ ደጋ እንዴት ይመለሳል?

መጀመሪያ ቦታውን እንምረጥ። ካርታ ላይ ጅቡቲ ትቀርባለች፤ ከአዲስ አበባ ባቡርም አላት። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግዙፉ ባለ ነጠብጣብ ሻርክ ይታያል፤ ሰው የማይነካ፣ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን አጥልሎ የሚበላ ዓሣ ነው። ነገር ግን የጅቡቲ ኑሮ ውድ ነው፤ ለተማሪ ኪስ አይሆንም። ስለዚህ ምርጫችን ሞምባሳ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይበርራል። በመሬት መሄድ ለሚፈልግም በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ድረስ አውቶቡስ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር አለ። ከተማዋ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1331 ሲያልፍባት ሻፊዒይ መዝሀብ የሚከተሉ፣ ከእንጨት የተሠሩ መስጊዶች ያሏቸው ሰዎች እንዳገኘ ጽፏል። በአሮጌው ከተማ ያለው የማንድሪ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1570 እንደተሠራ ይነገራል፤ ዛሬም ይሰገድበታል። ሐላል ምግብ ፍለጋ መንከራተት የለም። በነገራችን ላይ ያንን ባለ ነጠብጣብ ሻርክ ስዋሂሊዎች "ፓፓ ሺሊንጊ" ይሉታል፤ ጀርባው ላይ የሳንቲም ያህል ነጥቦች ስለተበተኑበት ነው።

ወቅቱን መምረጥ ከቦታው ይከብዳል። የምሥራቅ አፍሪካ ባሕር በሁለት ነፋሶች ይመራል። ካስካዚ የሚሉት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ከኅዳር እስከ መጋቢት ሲሆን ባሕሩ ይረጋል፣ ውሃው ይጠራል። ኩሲ የሚሉት የደቡቡ ነፋስ ከሚያዝያ ጀምሮ ማዕበል ያነሳል፤ ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ የከባድ ዝናብ ወራት ናቸው። ከምረቃ በኋላ ክረምት ላይ እንሂድ የሚለው ሐሳብ ስለዚህ ደካማ ነው፤ ውሃው ደፍርሶ ከእጃችሁ ርቆ ያለውን ሳታዩ ገንዘባችሁ ያልቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ግን በአጋሮና በሊሙ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነው፤ የቡና ገበሬ ልጅ ያኔ ቤቱን ጥሎ አይሄድም፣ ቢሄድም አያምርበትም። የካቲት ላይ ደግሞ በነዚህ ዓመታት ረመዳን ገብቷል፤ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት እየቀደመ ወደ ጥር ይጠጋል። የምትቀረው መስኮት ቡናው ተሰብስቦ፣ ረመዳን ሳይገባ ያለችው የጥር ወር ናት። ከዩኒቨርሲቲው የሴሚስተር ዕረፍት ጋር ካልገጠመች ለቀጣዩ ዓመት ማቆየት ይሻላል።

በረመዳን መጥለቅን ለምን እንደማንመክር በአጭሩ እንበል። ከሲሊንደሩ የሚወጣው አየር ደረቅ ስለሆነ ጉሮሮን ያደርቃል፤ ውሃ ያነሰው ሰውነት ደግሞ ከታች የምንገልጸውን የናይትሮጅን ሕመም በቀላሉ አይቋቋምም። አፍ ውስጥ የሚገባው የባሕር ውሃም አለ። ጾመኛ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መጀመሪያ ዋና መቻል ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ያደግነው ጉልበት የሚደርስ ወንዝ እየተሻገርን ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚማርበት የፓዲ የመጀመሪያ ደረጃ ኮርስ 200 ሜትር ያለማቋረጥ መዋኘትን፣ እንዲሁም 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍን ይጠይቃል። ልምምዱን ጅማ ገንዳ ባለው ሆቴል፣ በአሠልጣኝ አድርጉት። ወንዝና ኩሬ ውስጥ አይሁን፤ በአካባቢያችን ብልሃርዚያ አለ፣ ጎርፉም ሰው ይወስዳል። ለመዋኘት ሁለት ወር የሚሆን ጊዜ ከሌላችሁ ጉዞውን ራሱን አዘግዩት።

ባሕር ሥር የሚሆነውን ለመረዳት የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ይበቃል። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት አንድ አትሞስፌር ነው። ወደታች በየ10 ሜትሩ አንድ ይጨመራል፤ 10 ሜትር ላይ ሁለት፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት ይሆናል። ግፊት ሲጨምር አየር ይጨመቃል፣ ሲቀንስ ይሰፋል። 10 ሜትር ላይ ሳንባውን በአየር ሞልቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የወጣ ሰው ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ይሆናል፤ ሳንባ ደግሞ እንደ ፊኛ ሊቀደድ ይችላል። ለዚህ ነው የስኩባ የመጀመሪያው ሕግ "ትንፋሽህን ፈጽሞ አትያዝ" የሚለው። የደነገጠ ጀማሪ በደመ ነፍስ የሚያደርገው ግን በትክክል የተከለከለውን ነው፦ ትንፋሹን ይይዛል፣ ወደ ላይ ይሮጣል። ኮርሱ ገንዳ ውስጥ የሚጀመረው ይህን ልማድ ለመስበር ነው። ጆሮም እንዲሁ ነው፤ በየሜትሩ አፍንጫን ጨብጦ ቀስ ብሎ በመንፋት ግፊቱን ማስተካከል ይገባል። ጉንፋን የያዘው ሰው ይህን ማድረግ ስለማይችል አይጠልቅም፤ የከፈለው ገንዘብ ቢያቃጥለውም እንኳ።

ቀጥሎ ናይትሮጅን አለ። ከምንተነፍሰው አየር አራት አምስተኛው ያህል ናይትሮጅን ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ በግፊቱ ምክንያት ወደ ደምና ወደ ሥጋ ይሟሟል። ቀስ ብለን ስንወጣ በትንፋሽ ይወጣል፤ ቶሎ ስንወጣ ግን የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ያሠቃያል፤ አከርካሪ ላይ ሲሆን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ጠላቂ ወደ ላይ የሚወጣው በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ነው፤ 5 ሜትር ላይ ሲደርስም 3 ደቂቃ ይቆማል።

የእኛ የደገኞች ልዩ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ከውሃው በደህና የወጣ ሰው ሰውነት ውስጥ ለብዙ ሰዓት የሚቆይ ትርፍ ናይትሮጅን አለ። የሞምባሳ ነዋሪ ቤቱ ሄዶ ይተኛል፤ ቤቱ ባሕር ጠለል ላይ ነው። የኛ ቤት ግን ከ1,500 ሜትር በላይ ነው፤ ጅማ ከ1,700 ሜትር ይበልጣል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ይህ በበረራ ላይ ባለ አውሮፕላን ውስጥ ከሚፈቀደው ከፍተኛው የካቢን ከፍታ ጋር ተቀራራቢ ነው። ሌላው መንገደኛ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል፤ አዲስ አበባ የሚወርድ ጠላቂ ግን ወርዶም እንደበረረ ነው። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ከአንድ ጊዜ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበርሩ መቆየትን ይመክራል። እኛ ሙሉ ቀን አድርጉት እንላለን። ማክሰኞ ዙህር ላይ ከጨረሳችሁ ረቡዕን አሮጌው ከተማ ውስጥ አሳልፉና ሐሙስ ጠዋት ተነሱ።

"እኛ በባቡር ነው የምንመለሰው፣ አውሮፕላን አይመለከተንም" የሚል ሰው ይኖራል። ፈጣኑ ባቡር ከሞምባሳ ተነስቶ በአምስት ሰዓት ገደማ ከ1,600 ሜትር በላይ ወዳለችው ናይሮቢ ያደርሳል። ለሰውነታችን መውጣት መውጣት ነው፤ ክንፍ ይኑረው፣ ጎማ ይኑረው ልዩነት የለውም። ያው አንድ ቀን ጠብቁ።

ከመመዝገባችሁ በፊት የጤና ቅጽ ይሰጣችኋል፤ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ችግር፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ እርግዝና ይጠየቃል። በእውነት ሙሉት። የወባ መከላከያ ለመውሰድ ያሰበ ሰው መጥለቁን ለሐኪሙ ይንገር፤ ሜፍሎኪን የሚባለው መድኃኒት ማዞር ስለሚያመጣ ለጠላቂ አይመረጥም። ጫትንም እንጨምር፤ በሌላው ቀን የምንለውን ታውቁታላችሁ፣ እንቅልፍ አጥቶና ልቡ እየመታ ባሕር የሚገባ ሰው ግን የራሱን ብቻ ሳይሆን አብሮት የገባውንም ወንድሙን ነፍስ ነው አደጋ ላይ የሚጥለው። ጀልባው ላይ ኦክስጅን መኖሩን ጠይቁ። የለም ካሉ ሌላ ድርጅት ፈልጉ።

ለአብዛኛው ሰው ሙሉ ኮርስ የሚያስፈልግ አይመስለንም። ከአሠልጣኝ ጋር የሚደረግ የአንድ ቀን ሙከራ አለ፤ እስከ 12 ሜትር ድረስ ያስገባል። ኮርሱ ሦስት ወይም አራት ቀን ይወስዳል፣ እስከ 18 ሜትር ይፈቅዳል፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሆን ተብሎ የሰመጠው ዳኒያ የተባለው መርከብ ግን 30 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ለጀማሪ አይደለም፤ ቪዲዮውን አይታችሁ አትጓጉ። ኮራሉና ዓሣው ያለው ጥልቀቱ ባነሰ ቦታ ነው።

ሶላትን በተመለከተ ነገሩ ገር ነው። ጀልባዎቹ ጠዋት ወጥተው በአብዛኛው ቀትር አካባቢ ስለሚመለሱ ዙህርን በጊዜው መስገድ ይቻላል። መንገደኛ ባለ አራት ረከዓዎቹን ሁለት አድርጎ ያሳጥራል፤ መግሪብ ሦስት እንደሆነ ይቀራል። በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ከመግቢያና ከመውጫ ቀን ሌላ አራት ቀን ለመቀመጥ የነየተ ሰው ሞምባሳ እንደገባ ሙሉ ይሰግዳል፤ በሐነፊይ ገደቡ 15 ቀን ነው። ኮርስ የምትወስዱ ይህንን አስቀድማችሁ ከኡስታዞቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። የባሕር ውሃ ጨዋማ ቢሆንም ለዉዱእ ይሆናል፤ ሶሓቦች ነብዩን (ሶ.ዐ.ወ) ጠይቀው መልስ ያገኙበት ጉዳይ ነው። ቂብላ ደግሞ ሞምባሳ ላይ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው፤ ከተማዋና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር አጠገብ ስላሉ የጀልባው ኮምፓስ ይበቃችኋል።

የመጥለቂያው ልብስ መላ ሰውነትን ይሸፍናል፣ ከጭንቅላት ኮፍያውም ጋር ይገኛል። ይሸፍናል እንጂ ሰውነትን አጥብቆ ስለሚይዝ ከላዩ ሰፋ ያለ ልብስ መልበስ ያስፈልጋል። እህቶች ሴት አሠልጣኝና የተለየ መቀየሪያ ክፍል እንዳለ ገንዘብ ሳይከፍሉ በፊት ይጠይቁ፤ ከደረሱ በኋላ መጠየቅ ያሳፍራል፣ አይሳካምም። የመሕረም ጉዳይ ላይ ዑለማዎች ስለሚለያዩ ከየኡስታዞቻችሁና ከቤተሰባችሁ ጋር ጨርሱት። የባሕር ዳር ሪዞርቶች መጠጥ ይሸጣሉ፤ አሮጌው ከተማ ውስጥ ማደር ርካሽም ነው፣ ሰላምም ነው።

ገንዘቡን በብር አታስቡት። ኮርሱም ትኬቱም በዶላር ስለሚተመን፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአምና ሒሳብ ለዘንድሮ አይሠራም። ከሁሉ አስቀድሞ ፓስፖርት አውጡ፤ ጅማ ላይ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለ። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻ ሳምንት አታቆዩት።

በሞያሌ የምትሄዱ ወንድሞች ይህን ልብ በሉ። ያ መስመር ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሰደዱ ልጆቻችን በደላላ የሚወሰዱበት መንገድ ነው፤ ብዙዎችም ኬንያ ላይ ተይዘው ታስረዋል። ፓስፖርታችሁ ድንበር ላይ ሳይመታ አንዲት እርምጃ አትለፉ፤ "በአቋራጭ ላሳልፋችሁ" የሚል ሰው ጋር ንግግር አትጀምሩ። ቤት ውስጥም ያው ነው። "ባሕር" የሚለውን ቃል የሰማች እናት መጀመሪያ የምታስበው የሰመጠ ጀልባ ነው፤ ልክም ናት። የመመለሻ ትኬቱን አሳዩአት፤ የምትመለሱበትን ቀን ስትነግሯትም የዕረፍቷን ቀን ጨምራችሁ ቁጠሩላት፣ አንድ ቀን ዘገዩ ብላ እንዳትጨነቅ።