የአዋሽ ውኃ የት ይቆይ?

በሰመራ አካባቢ በዓመት የሚጥለው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሆኖም አጠገቧ ያለችው ዱብቲ የጥጥ አገር ናት፤ ዝቅ ብለው ያሉት አሳይታና አፋምቦም እርሻ ያርሳሉ፣ ሐይቅ ዳር ከብት ያሰማራሉ። ይህን ሁሉ የሚያኖረው ሌላ ቦታ የዘነበ ዝናብ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በጊንጪ አካባቢ የሚነሣው አዋሽ ደጋውን አጥቦ፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ በታች ገደሉን ሰንጥቆ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል።

በሌላው ዓለም በረሃ አቋርጠው ሕዝብ የሚያጠጡ ታላላቅ ወንዞች ብዙ ጊዜ ከራስጌያቸው ግግር በረዶ አላቸው። የፓኪስታን እርሻ የተመሠረተበት ኢንደስ ለምሳሌ የካራኮረምና የሒማላያ ተራሮች በረዶ አለው፤ በብርድ ወራት የተከማቸው በረዶ ሙቀቱ ሲበረታና ውኃ ሲፈለግ ይቀልጣል። በአፍሪካ ግግር በረዶ የተረፈው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ብቻ ሲሆን እሱም በፍጥነት እየመነመነ ነው። ኢትዮጵያም ነበራት። በባሌው ሳነቴና በአርሲው ባዳ ተራራ ግግር በረዶ እየገፋ ያመጣቸው የድንጋይ ክምሮች እስከ ዛሬ ይታያሉ። በረዶው ግን ከጠፋ ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ ከአርሲ ተራሮች ወደ አዋሽ የሚወርዱት ወንዞች ተሸክመው የሚመጡት ዝናብ ብቻ ነው።

በአዋሽ ውኃ ላይ የሚነሣው ክርክር ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ውኃውን ከላይ ይዞ ቀስ በቀስ የሚለቅለት ነገር ስለሌለ አብዛኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ታዲያ ለሌላው ወራት የት ይቆይ? ማንስ ያቆየው?

የአፋር አርብቶ አደሮች ከማንም በፊት የራሳቸው መልስ ነበራቸው። ከርማ በሚሉት የክረምት ዝናብ ወቅት ከብቱ ከወንዙ ርቆ ይሰማራል፤ ወንዙ ደግሞ ሞልቶ በሜዳው ላይ ይተኛል። ውኃው ሲሸሽ እርጥበቱን በጠጣው አፈር ላይ ሣር ይበቅላል። ሌላው ምድር በሚደርቅበት ሀጋይ በሚሉት የሙቀት ወቅት መንጋው የሚወርደው ወደዚያ ነው። ሜዳው ጎተራቸው ነበር ማለት ይቻላል።

መንግሥት ሌላ መልስ ይዞ መጣ። ወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ በ1954 ዓ.ም. ሸለቆውን የሚያለማ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ በተንዳሆ ጥጥ ተከለ፤ በመተሐራ ሸንኮራ ተተከለ፣ በአዋሽ ከተማ አጠገብም ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። ነገሩ የመጤና የባለ አገር ፍጥጫ ብቻ አልነበረም፤ የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬም ጥጥ አስፋፍተው ነበር።

ለዕቅድ አውጪዎቹ የተወሰደው መሬት ከሰፊው የአፋር ምድር ጥቂት ነበር። ስሌቱ የሳተው ይህን ነው፤ ያ ጥቂት መሬት ከሌለ ሰፊው ምድር በበጋ ከብት አያኖርም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዝናብ ሲጠፋ መንጋው እንደ ልማዱ ወደ ወንዙ ወረደ፤ የጠበቀው ግን የጥጥ ማሳ ነበር። ወሎን ያነደደው ረኃብ አፋርንም ክፉኛ ጎዳ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ እርሻዎቹን ሲወርስም መሬቱ የመንግሥት እርሻ ሆነ እንጂ ወደ ግጦሽ አልተመለሰም።

ግድብም ዘላለማዊ ማጠራቀሚያ አይደለም። ከደጋው የሚታጠበው አፈር ቆቃ ውስጥ እየተከመረ የግድቡን አቅም ሲሶ ያህል ወስዶበታል። የአዲስ አበባ ፍሳሽም በአቃቂ ወንዝ በኩል እዚያው ይገባል። መተሐራ ላይ ደግሞ በ1950ዎቹ ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የነበረው የበሰቃ ሐይቅ ከአሥር እጥፍ በላይ ሰፍቶ የጅቡቲን መንገድና ሐዲድ ተጋፍቷል፤ ጨዋማ ውኃው በቦይ ወደ አዋሽ ስለሚለቀቅም ከአዋሽ ከተማ በታች ያሉ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ሥጋት አለባቸው።

ከሰመራ በላይ የተሠራው የተንዳሆ ግድብ 1.86 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንዲይዝ የታቀደ ነው። ታስቦ የነበረው ግዙፍ የሸንኮራ ልማት ግን የታለመለትን ያህል አልሰፋም። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በደጋው ዝናብ ሲበረታ የቆቃ፣ የከሰምና የተንዳሆ ግድቦች ሞልተው ፈሰሱ፤ በአፋር ከ100 ሺህ በላይ ሰው በጎርፍ ተጎዳ። ቀድሞ ሣር ያበቅል የነበረው ሙላት ቤትና ከብት ወሰደ፤ ሜዳው በማሳና በመንደር ተይዞ ነበርና።

ግድቦቹ በተመጠነ ጊዜ ውኃ ለቀው ሜዳውን ቢያጠጡ የግጦሹ ነገር በከፊል ይቃለል ነበር። አሁን ግን ሜዳውም ሌላ ባለቤት አግኝቷል። በ1970ዎቹ አፈር ይጠብቃል፣ ጥላ ይሆናል ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል። ዘሩን ፍሬውን የሚበሉት ከብቶች ይዘውት ይዞራሉ፤ ሥሩ ጠልቆ ውኃ ይጠጣል፤ ለከሰል ሲቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ውኃ ከመልቀቅ በፊት ሜዳውን ከዚህ ዛፍ ማጽዳትና በየዓመቱ ቡቃያውን መንቀል ያስፈልጋል፤ የዚያን ሥራ ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ደግሞ ከውኃው ክፍፍል ጋር አብሮ መወሰን ያለበት ጉዳይ ነው።