ፋብሪካ በቀለም ሲመዘን

ውሃ የሕይወት መሠረት ነው። ሰው ይጠጣዋል፤ ከብት ይጠጣዋል፤ አዝመራ ይለማበታል። ወንዝ ዳር የተተከለ ፋብሪካ ቆሻሻውን ሳያጣራ ከለቀቀ ግን ይኸው ውሃ በሽታ ያመጣል። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም፣ ከቆዳ ፋብሪካ ኬሚካል ይወጣል። የሚበሰብስ ቆሻሻ ሲበዛ ደግሞ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ ዓሣው ታፍኖ ያልቃል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሕግ ይውጣ እንላለን። ሕጉ ወጥቶ የሚያስከብረው ሲጠፋስ? ይህ ችግር የገጠማት አንዲት አገር ያደረገችውን እንንገራችሁ።

አገሪቱ ኢንዶኔዥያ ትባላለች። በእስያ ትገኛለች። በብዙ ሺህ ደሴቶች ላይ የተዘረጋች ናት። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። እዚያም ፋብሪካዎች ወንዞችን ያቆሽሹ ነበር። ሕግ ነበረ፤ ቁጥጥሩ ግን ደካማ ነበር። ስለዚህ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ1987 ዓ.ም. ፕሮፐር የሚባል አዲስ ዘዴ ጀመረ። ፋብሪካዎቹን መርምሮ እንደ ሥራቸው ቀለም ሰጣቸው።

ወርቃማ፦ ከሁሉ የላቀ፣ ለሌላው ምሳሌ የሚሆን።
አረንጓዴ፦ ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ የሠራ።
ሰማያዊ፦ ሕጉን ያሟላ።
ቀይ፦ ጥቂት የሞከረ፣ ሕጉን ግን ያላሟላ።
ጥቁር፦ ምንም ሳይሞክር ከባድ ጉዳት የሚያደርስ።

ለምን በቀለም? የፍሳሽ መለኪያ ቁጥር ለብዙ ሰው አይገባም። ጥቁርን ከአረንጓዴ ግን ሁሉም ይለያል።

መጀመሪያ 187 ፋብሪካዎች ተመዘኑ። ወርቃማ አንድም አልተገኘም። 5 አረንጓዴ፣ 61 ሰማያዊ፣ 115 ቀይ፣ 6 ጥቁር ሆኑ። የአምስቱ አረንጓዴዎች ስም በአደባባይ ተጠርቶ ተመሰገኑ። የቀሩት ቀለማቸው ለየራሳቸው ተነገራቸው። ስማችሁ ከመውጣቱ በፊት አስተካክሉ ተብለው ስድስት ወር ያህል ጊዜ ተሰጣቸው።

ቀጠሮው በ1988 ዓ.ም. ሲደርስ ጥቁሮቹ ከ6 ወደ 3 ወረዱ። ቀዮቹ ከ115 ወደ 108 ዝቅ አሉ። ሰማያዊዎቹ ከ61 ወደ 72 ከፍ አሉ። ይህ ሁሉ ለውጥ የመጣው ገና ስማቸው ሳይወጣ ነው።

ምን አስፈራቸው? ነገሩ ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ሲሆን ጎረቤት ይጠይቃል። ገዢ ይሸሻል። ገንዘብ አበዳሪም ያመነታል። ደግሞም ፋብሪካቸው ምን ያህል እንደሚያቆሽሽ በዚሁ ምርመራ በደንብ ያወቁ የፋብሪካ ኃላፊዎች ነበሩ።

ይሁን እንጂ ስም መጥራት ብቻውን ወንዝ አያጠራም። 108 ፋብሪካዎች ያኔም ቀይ እንደነበሩ አንርሳ። ምዘናውም እውነተኛ መሆን አለበት። ፋብሪካው ስለ ራሱ የጻፈውን ብቻ አምኖ መቀበል አይበቃም። ተቆጣጣሪ ሄዶ፣ ውሃውን ቀድቶ መመርመር አለበት። ሕጉም እምቢተኛውን መቅጣት አለበት።

በአገራችንም በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ወጥቷል። ቁጥሩ 300 ነው። አዋጁ ማንም ሰው አካባቢን በሚበክል ላይ አቤት እንዲል ፈቅዷል። ጉዳቱ በራሴ ላይ ደርሷል ብሎ ማስረዳት እንኳ አያስፈልገውም። አቤቱታው የሚቀርበው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንዲችልም ተደንግጓል።

እንግዲህ ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው። ውሃው መቼ እንደጠቆረ፣ ስንት ከብት እንደታመመ፣ ቀኑን ጽፈን እንያዝ። በቃል የተነገረ ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ይጠየቅበታል።

አንብባችሁ ተወያዩ፦
1. መጀመሪያ ስንት ፋብሪካዎች ቀይ ሆኑ? ከስድስት ወር በኋላስ?
2. የፋብሪካ ስም በአደባባይ ሲነገር ማን ማን ይሰማል? ምንስ ያደርጋል?
3. በሰፈራችሁ ወንዝ ወይም ምንጭ የሚያቆሽሽ ነገር አለ? ከየት ይመጣል?