ለቆላው ጨቅላ የትኛው ክትባት?

(ምስል፦ የሽንፋ ወንዝ በበጋ። ድምፅ፦ ከሩቅ የሚመጣ ሞተር ሳይክል።)

በበጋ የሽንፋ ወንዝ ፍሰቱ ተቆራርጦ እዚህም እዚያም ኩሬ ሆኖ ይቀራል። በመተማ ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ኮትቻ የሚባለው ጥቁር መሬት ጭቃ ሆኖ መኪና ይይዛል። እዚህ የሚወለድ ልጅ ክትባቱ የሚደርስለት ይህን ሙቀትና ይህን መንገድ አልፎ ነው።

(ምስል፦ የክትባት ብልቃጥ፣ በጣም ከቅርብ።)

ይህን ብልቃጥ ልብ ብላችሁ እዩት። ላዩ ላይ ክብ ምልክት አለ፤ በክቡ ውስጥ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን። ብልቃጡን ሙቀት ባገኘው ቁጥር አራት ማዕዘኑ እየጠቆረ ይሄዳል። ከክቡ ቀለም ጋር ከተመሳሰለ ወይም ከባሰ ክትባቱ ይጣላል። መልሶ በረዶ ውስጥ መክተት ምንም አይረዳም፤ የጠቆረው አይነጣም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መርፌ ከማንሳቷ በፊት ይህን ታያለች። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መጠበቅ አለበት። የኩፍኙ ክትባት ደግሞ አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም።

ታዲያ በረዶ የማያስቸግር ክትባት የለም ወይ?

(ምስል፦ የማኅደር ፊልም፣ የፈንጣጣ ዘመቻ።)

ነበረ። ይህች አገርም አይታዋለች። በ1963 ዓ.ም ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር ከታቢዎቹ የያዙት የደረቀ ዱቄት ነበር፤ በ37 ዲግሪ ሙቀት አንድ ወር ሙሉ ኃይሉን ሳያጣ የሚቆይ። መርፌዋን ተመልከቱ። ጫፏ እንደ መንሽ ሁለት ጥርስ አለው። ብጥብጡ ውስጥ ነክረው ሲያወጧት በጥርሶቹ መሃል አንዲት ጠብታ ይዛ ትወጣለች። ከዚያ ክንድ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ አሥራ አምስት ጊዜ። አለቀ። አያያዟን ለመማር የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም ነበር፤ ከተማሩት ብዙዎቹም ሐኪሞች አልነበሩም። መንገድ በሌለበት በእግር እየሄዱ፣ ቤት ለቤት እየጠየቁ፣ በሽታው ያለበትን መንደር እያደኑ ከተቡ። ነሐሴ 1968 ዓ.ም በኦጋዴን፣ ዲሞ በምትባል መንደር፣ በአንዲት የ3 ዓመት ሕፃን ላይ የመጨረሻው የኢትዮጵያ ፈንጣጣ ታየ። ከዚያ ወዲህ በዚህች አገር አንድም ልጅ በፈንጣጣ አልታመመም። ይህን ፊልም ባየሁት ቁጥር ለእነዚያ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ በ1972 ዓ.ም ታወጀ። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ የሕፃናት የክትባት ፕሮግራም ተጀመረ።

(ምስል፦ ቤተ ሙከራ።)

የዲኤንኤ ክትባት የሚባለው አዲስ ዓይነት ተስፋ ያሳደረው በከፊል እንደ ፈንጣጣው ክትባት ሙቀት ይችላል ተብሎ ስለሚጠበቅ ነው። መደበኛዎቹ ክትባቶች የተዳከመ ተሕዋስ፣ የተገደለ ተሕዋስ ወይም የተሕዋሱ ቁራጭ ናቸው። ቢሲጂ የተዳከመ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፉ የመከነ መርዝ። የዲኤንኤው ክትባት ግን ተሕዋሱን አይዝም። የሚይዘው ከተሕዋሱ የተወሰደ ትንሽ የዘር መመሪያ ብቻ ነው። የራሳችን ሕዋስ ያንን አንብቦ አንድ ፕሮቲን ይሠራል፤ የሰውነት መከላከያም በዚያ ጠላቱን ይለያል። ዲኤንኤ ደግሞ በባሕርዩ ሙቀትን የሚችል ነገር ነው።

ለሰው የተፈቀደው የመጀመሪያው የዲኤንኤ ክትባት ሕንድ ውስጥ በ2013 ዓ.ም ነሐሴ ለኮቪድ የወጣው ዚኮቭ ዲ ነው። በ25 ዲግሪ ሦስት ወር ይቆያል ተብሎለታል። መልካም ነው፤ ግን መተማ 25 ዲግሪ አይደለችም። የተፈቀደውም 12 ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ላሉ ነው። ለጨቅላ ሕፃን የተፈቀደ የዲኤንኤ ክትባት እስካሁን የለም።

ተመራማሪዎች ጨቅላዎችን የሚያስቡበት ምክንያት ግን አለ። የኩፍኝ ክትባት እስከ 9 ወር የሚጠበቀው ልጁ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያመክነው ነው። ከዚያ ቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ሲፈለግ፣ አዲስ በተወለዱ አይጦች ላይ የዲኤንኤ ክትባት መከላከያ ሲቀሰቅስ ታይቷል። በሰው ላይ ግን ጉልበቱ ደካማ ሆኖ ቆይቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላም ነገር አለ፤ ጨቅላ ሙሉ ዕድሜው ገና ከፊቱ ነው፣ ስለዚህ ማስረጃው ከማንም በላይ ለእሱ መጥበቅ አለበት።

(ምስል፦ የግራር ጥላ፣ የተሰነጣጠቀ ጥቁር መሬት።)

እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ለመደበኛዎቹ ያደላል። ይህ መሬት ግን ሌላ ጉዳይ ያመጣል። በዚህ ስንጥቅና በግራሩ ሥር የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው እሷ ናት። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ልጁ ይከሳል፤ ካልታከመ ይሞታል። ሰሊጥ ሊያርም ከደጋ የወረደውንም የቀን ሠራተኛ ይይዘዋል። ለካላዛር በሰው ላይ እንዲውል የተፈቀደ ክትባት የለም፤ በተለመደው መንገድ ብዙ ተሞክሮ አልተሳካም።

ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን ገዳሪፍ፣ ዶካ ሆስፒታል፣ ከካላዛር በኋላ ቆዳቸው ላይ ሽፍታ የቀረባቸው ሱዳናውያን አዲስ ክትባት ተሞክሮባቸዋል። እንዳይራባ በተደረገ የቺምፓንዚ ቫይረስ ላይ የተሕዋሱን የዘር መመሪያ ጭኖ የሚያስገባ ነው፤ የዲኤንኤው ክትባት የቅርብ ዘመድ ልንለው እንችላለን። የተሞከረው በአዋቂዎችና በታዳጊዎች ላይ ነው፤ በሕፃናት ላይ አልተሞከረም። ለሽንፋ ልጅ ከአዲሱ ዘዴ የሚጠበቅ ነገር ካለ ከዚህ በኩል ነው። ቢሲጂን ወይም የፖሊዮን ክትባት እንዲተካ አይደለም።

(ምስል፦ ጤና ኬላ፣ ልጅ የታቀፉ እናቶች ተራ ሲጠብቁ።)

እናቶች፣ አባቶች፤ ያለው ክትባት ይሠራል፣ ክፍያም የለውም። እንደተወለደ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 እና በ15 ወር። ቀጠሮው ያለፈበት ልጅ ካለ ካርዱን ይዛችሁ ነገ ጤና ኬላ ውሰዱት። ካርዱ ቢጠፋም ውሰዱት።