በብርሃን መለካት፦ የፕሮፌሰር ሮጀር ቼን የምርምር ሕይወትና ለሳይንስ ትምህርት የሚሰጠው ቁም ነገር

መግቢያ

መድኃኒት እንዴት ይገኛል ተብሎ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጥያቄ ቢቀርብ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሊቃውንት ተመራምረው ያገኙታል» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ዋናውን ነገር ዘሎ ያልፋል። ተመራማሪው በእጁ ካሉት በመቶ ሺሕ ከሚቆጠሩ ውሑዶች መካከል የሚሠራውን ከማይሠራው የሚለየው በምን ምልክት ነው? በዐይን በማይታይ ሕዋስ ውስጥ አንድ ለውጥ መድረሱንስ በምን ያውቃል? የመድኃኒት ምርምር ከፍተኛው ችግር የሚገኘው በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ ከመገኘቱ አስቀድሞ መለኪያው መገኘት አለበትና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩን በአንድ ሳይንቲስት የሥራ ሕይወት አማካይነት ማብራራት፣ ከዚያም መምህራን ፍሬ ነገሩን በጥቂት ወጪ በመማሪያ ክፍል ውስጥ እንዴት ሊያሳዩ እንደሚችሉ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሎረሰንስ ምንድን ነው?

አንዳንድ ነገሮች ብርሃን ሲያርፍባቸው ጉልበቱን ይውጡና ወዲያውኑ በሌላ ቀለም መልሰው ያፈልቁታል። ከተዋጠው ጉልበት ጥቂቱ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ተመልሶ የሚወጣው ብርሃን ከገባው ይልቅ አነስተኛ ጉልበትና ረዘም ያለ የሞገድ ርዝመት ይኖረዋል። በዚህም ምክንያት ለዐይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ገብቶ የሚታይ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ብርሃን ሊወጣ ይችላል። ፍሎረሰንስ የሚባለው ይህ ጠባይ ነው። በባንኮችና በሱቆች የገንዘብ ኖቶችን እውነተኛነት ለመመርመር የሚያገለግለው መብራት የሚሠራው በዚሁ ጠባይ ነው።

ሊቃውንት ይህን ጠባይ ካጠኑባቸው የመጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ፣ የወባ መድኃኒት የነበረውና በአገራችን ስሙ ለማንኛውም እንክብል መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰው ኪኒን ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል የኪኒን ጨው የሟሟበት ውኃ በፀሐይ ብርሃን ሰማያዊ ቀለም እንደሚያሳይ በ1845 ገለጡ፤ ጆርጅ ስቶክስ ደግሞ በ1852 የነገሩን ምክንያት አብራርተው ለጠባዩ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጡት።

ፍሎረሰንስ ለሕይወት ሳይንስ ተመራማሪ የሚሰጠው ጥቅም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብርሃኑ በጨለማ መደብ ላይ ስለሚታይ እጅግ ጥቂት የሆነውን ነገር እንኳ ለይቶ ለማወቅ ያስችላል። ሁለተኛ፣ ሕዋሱን ሳይገድሉ ለውጡን በሚካሄድበት ሰዓት መከታተል ይቻላል። አንድ ውሑድ በሕያው ነገር ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ ለመለካት የሚደረገው እንዲህ ያለ ፍተሻ ባዮአሴይ ይባላል።

የካልሲየም መለኪያ

ሮጀር ቼን በ1952 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ከቻይና ፈልሶ ከመጣ ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው አስም ስለነበረባቸው ብዙውን ጊዜ ከቤት ሳይወጡ በኬሚስትሪ ሙከራ ያሳልፉ ነበር። በ1968፣ ገና የ16 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ ዌስቲንግሃውስ በተባለው አገር አቀፍ የወጣቶች የሳይንስ ውድድር አንደኛ ወጡ። በሃርቫርድ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አጥንተው በ1972 ተመረቁ፤ የዶክትሬት ትምህርታቸውንም በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1977 ፈጸሙ።

በዚያን ጊዜ የጡንቻ መኮማተርም ሆነ የነርቭ መልእክት በሕዋስ ውስጥ ባለው የካልሲየም መጠን መለዋወጥ እንደሚመራ ይታወቅ ነበር። ይሁን እንጂ ባረፈ ሕዋስ ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም ከሕዋሱ ውጭ ካለው በአሥር ሺሕ እጅ ገደማ ያነሰ በመሆኑ፣ እሱን በትንንሽ ሕዋሳት ውስጥ መለካት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ቼን ካልሲየምን ለይቶ የሚይዝና በያዘ ጊዜ ፍሎረሰንሱ የሚለወጥ ቀለም በኬሚስትሪ ለመሥራት ተነሡ። የዚህ ሥራ መሠረት የሆነውን ውሑድ በ1980 ይፋ አደረጉ።

አንድ እንቅፋት ግን ቀረ። ቀለሙ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው የሕዋሱን ሽፋን አልፎ ሊገባ አይችልም። ቼን በ1981 ያቀረቡት መፍትሔ፣ ሙሉን በሌላ የኬሚካል ክፍል መሸፈን ነበር። ቀለሙ እንደ ካባ የሚሸፍነውን ክፍል ለብሶ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የሕዋሱ ኢንዛይሞች ካባውን ያወልቁታል፤ ካባውን ያጣው ቀለምም ተመልሶ መውጣት ስለማይችል በውስጥ ይቀራል። ሕዋሱን በመርፌ መውጋት አላስፈለገም።

በ1985 ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ያቀረቡት ፉራ-2 የተባለው ቀለም ደግሞ ሌላ እርምጃ ነበር። ይህ ቀለም በሁለት የተለያዩ የሞገድ ርዝመቶች እየበራ የሁለቱ ውጤት ይነጻጸራል፤ ካልሲየም ሲጨምር አንደኛው ከፍ፣ ሁለተኛው ዝቅ ይላል። በንጽጽር ስለሚሠራም አንዱ ሕዋስ ከሌላው ይበልጥ ቀለም ቢጠጣ ወይም ቢወፍር ልኬቱ አይዛባም። ከጥሬ ቁጥር ይልቅ ንጽጽር አስተማማኝ መሆኑን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

አረንጓዴው ፕሮቲን

ከውጭ በሚገባ ቀለም ፈንታ ሕዋሱ ራሱ ቀለሙን ቢሠራስ? የዚህ ጥያቄ መልስ የመጣው ከባሕር ነው። ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ ኤኩዎሪያ ቪክቶሪያ ከተባለ የጄሊፊሽ ዓይነት አንድ አረንጓዴ ፍሎረሰንት ፕሮቲን መለየታቸውን በ1962 ገልጠው ነበር። ዳግላስ ፕራሸር የፕሮቲኑን ጂን በ1992 አወጡ፤ ምርምሩን የሚቀጥሉበት ገንዘብ ሲያጡም ጂኑን ለማርቲን ቻልፊና ለሮጀር ቼን በልግስና ሰጡ። ቻልፊ በ1994 ጂኑ በባክቴሪያና በአንዲት ጥቃቅን ትል ውስጥ ብርሃን እንደሚሰጥ አሳዩ። ቼን ደግሞ የፕሮቲኑን አሠራር መርምረው ይበልጥ ብሩህና ጽኑ እንዲሆን አደረጉት፤ ቀለማቸው የተለያዩ ሌሎች ዓይነቶችንም አወጡ። የ2008 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለሺሞሙራ፣ ለቻልፊና ለቼን ተሰጠ። ሽልማቱ በተሰጠበት ጊዜ ፕራሸር ከምርምር ወጥተው በአንድ የመኪና መሸጫ ሾፌር ሆነው ይሠሩ ነበር፤ በኋላ በቼን ቤተ ሙከራ ተቀጥረው ጥቂት ዓመታት ሠርተዋል። ቼን በ2016 በ64 ዓመታቸው አረፉ።

ከቤተ ሙከራ ወደ መድኃኒት

ቼን በ1989 ከበርክሌይ ወደ ሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኦሮራ ባዮሳይንስስ የተባለውን ኩባንያ በሳንዲያጎ ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ። የኩባንያው ተግባር የፍሎረሰንስ መለኪያዎችን ለመድኃኒት ፍለጋ ማዋል ነበር። ፍተሻው የሚካሄደው ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳሕን ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሕዋሳትና አንድ የሚፈተሽ ውሑድ ይገባሉ፤ መሣሪያውም የሚወጣውን ብርሃን ያነባል። የተለመደው ሳሕን 96 ጉድጓዶች ሲኖሩት፣ ኦሮራ 3456 ጉድጓዶች ያሉትን አዘጋጀ።

ከመለኪያዎቹ አንዱ በሕዋስ ሽፋን ላይ ያለውን ቮልቴጅ የሚያሳይ ነበር። ሁለት ቀለሞች በሽፋኑ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንደኛው በውጭው ገጽ ተተክሎ ይቀራል፣ ሁለተኛው ቮልቴጁ ሲለወጥ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሁለቱ ሲቀራረቡ የመጀመሪያው ጉልበቱን ለሁለተኛው ስለሚያቀብል የሁለተኛው ቀለም ይታያል፤ ሲራራቁ የመጀመሪያው ቀለም ይታያል። የኤሌክትሪክ ለውጥ በዚህ መንገድ የቀለም ለውጥ ሆነ።

ይህ ሁሉ ምን ፍሬ እንዳስገኘ የሚያሳየው የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ታሪክ ነው። በሽታው በዘር የሚተላለፍ ሲሆን፣ መንሥኤው በ1989 በታወቀው ሲኤፍቲአር በተባለ ጂን ላይ የሚደርስ ጉድለት ነው። ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን በሕዋስ ሽፋን ላይ የክሎራይድ አዮን መተላለፊያ በር ነው። በሩ ሳይሠራ ሲቀር በሳንባ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይወፍራል፣ ሕፃናቱም በተደጋጋሚ የሳንባ ልክፍት ይሠቃያሉ፤ ላባቸውም ከልክ በላይ ጨዋማ ይሆናል። በአሜሪካ የሚገኘው የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ፋውንዴሽን በ2000 ለኦሮራ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር መድቦ፣ የተበላሸውን በር የሚያሠራ ውሑድ እንዲፈለግ አደረገ። ቨርቴክስ የተባለው ኩባንያ በ2001 ኦሮራን ገዝቶ ሥራውን ቀጠለ።

ተመራማሪዎቹ ጉድለት ያለበትን ፕሮቲን የሚሠሩ ሕዋሳት አዘጋጅተው 228 ሺሕ ያህል ውሑዶችን በቮልቴጅ ቀለሞች ፈተሹ። በሩ ሲከፈት ክሎራይድ ይተላለፋል፤ ቮልቴጁ ይለወጣል፤ ቀለሙም አብሮ ይለወጣል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ውሑድ በሩን ሳይነካ ራሱ ብርሃን በመስጠት ወይም ብርሃኑን በማዳፈን ያታልላል። ስለዚህ በብርሃን የተመረጠው ሁሉ ከሕመምተኞች በተገኙ የሳንባ ቧንቧ ሕዋሳት ላይ በኤሌክትሪክ ልኬት እንደገና ተፈተነ። አንድ መለኪያ የተናገረውን ሌላ መለኪያ ሳይመሰክርለት አልታመነም።

ከዚህ ፍለጋ የተነሣው አይቫካፍተር የተባለ መድኃኒት በጥር 2012 በአሜሪካ ጸደቀ። መጀመሪያ የጠቀመው ከሕመምተኞቹ 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ በእነርሱ ፕሮቲኑ ከሽፋኑ ደርሶ በሩ ግን አይከፈትም። የአብዛኞቹ ፕሮቲን ግን ከሽፋኑ ጨርሶ አይደርስም ነበር፤ ለእነዚህ የሚሆነው የሦስት መድኃኒቶች ቅንብር በ2019 ጸደቀ። ሥራውን ከመሩት መካከል ሳቢን ሃዲዳ፣ ፖል ኔጉሌስኩና ፍሬድሪክ ቫን ጉር የ2024ን የብሬክስሩ ሽልማት ተሸልመዋል። ሆኖም አይቫካፍተር ሲጸድቅ የአንድ ሰው የዓመት ዋጋው ወደ 300 ሺሕ ዶላር ይደርስ ስለነበር፣ የመድኃኒት መገኘትና ለሕመምተኛው መድረስ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

በመማሪያ ክፍል ውስጥ

ከላይ የተገለጠው ነገር ሁሉ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ቢመስልም፣ ፍሬ ነገሩ በቶኒክ ውኃ ሊታይ ይችላል። ቶኒክ መራራ ጣዕሙን ያገኘው ከኪኒን ነውና። መምህሩ ሙከራውን አስቀድሞ ለብቻው ቢሞክረው ይመረጣል።

ሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች በእኩል መጠን ቶኒክ ይሞላሉ፤ ጋዙ እስኪወጣም ይቆያሉ። ክፍሉ ጨለም ተደርጎ የገንዘብ መመርመሪያ መብራት ሲበራባቸው ሦስቱም ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣሉ። ከዚያ በአንደኛው አንድ ማንኪያ የገበታ ጨው፣ በሁለተኛው አንድ ማንኪያ ስኳር ተጨምሮ ይማሰላል፤ ሦስተኛው እንዳለ ይተዋል። ጨው የገባበት ይደበዝዛል፤ ስኳር የገባበት ግን እንደ ሦስተኛው ያበራል። ምክንያቱ በጨው ውስጥ ያለው የክሎራይድ አዮን ጉልበት ከዋጠው ኪኒን ጋር ሲጋጭ ጉልበቱ ብርሃን ሳይሆን ስለሚባክን ነው። ተመራማሪዎችም ለኪኒን በኬሚካል ቅርበት ያላቸውን ቀለሞች በሕዋስ ውስጥ ክሎራይድን ለመለካት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲሠሩባቸው ቆይተዋል።

መብራቱን በማንም ዐይን ላይ ማብራት አይገባም፤ የሙከራው ፈሳሽም አይጠጣም። መብራት በማይገኝበት ትምህርት ቤት ጥቁር ጨርቅ ከብርጭቆው ኋላ አድርጎ በፀሐይ ብርሃን መመልከት ይቻላል፤ ሰማያዊው ግን ደብዘዝ ይላል።

ቀጣዩ እርምጃ ዋናው ነው። በአራት ብርጭቆዎች ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብና አንድ ማንኪያ ጨው ተጨምሮ እንደ ብሩህነታቸው በተርታ ይቀመጣሉ። መምህሩ ተማሪዎች ሳያዩ የጨው መጠኑን የወሰነበትን አምስተኛ ብርጭቆ ያቀርባል፤ ተማሪዎቹም በየትኞቹ መካከል እንደሚውል በብርሃኑ አመዛዝነው ይወስናሉ። ስኳሩ ለምን እንዳስፈለገ፣ መጠኑ ለምን እኩል እንደሆነ፣ በሌላ ዘዴ ለማረጋገጥ ምን ማድረግ እንደሚቻል እንዲከራከሩ ይደረጋል። ይህን ያደረገ ተማሪ ባዮአሴይ የቆመበትን የልኬት ሐሳብ በእጁ ሠርቶታል።

ማጠቃለያ

ለዕቅድ አውጪዎች ሊታሰብበት የሚገባው የጊዜው ርዝመት ነው። ከ1980ው የካልሲየም ቀለም እስከ 2012ቱ መድኃኒት 32 ዓመታት አልፈዋል። ካልሲየምን ለመለካት የተነሣው ወጣት ስለ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ አላሰበም፤ ያን መድኃኒት ያገኙትም ሌሎች ናቸው። ቢሆንም ለእርሱ ሥራ መንገድ ባይሰጠው ኖሮ፣ ሌሎቹ የሚፈትሹበት መሣሪያ ባልተዘጋጀላቸው ነበር። የፕራሸር ዕጣም የሚያመለክተው ድጋፍ ያለ ጊዜው ሲቋረጥ የሚጠፋው ሰው ጭምር መሆኑን ነው።

ለሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ቅርብ ነው። የሳይንስ ትምህርት ዝርዝር ውጤትን ብቻ ሲያቀርብ ተማሪው ሳይንስን ሌሎች ጨርሰው ያስረከቡት ንብረት አድርጎ ይወስደዋል። ስለሆነም በባዮሎጂና በኬሚስትሪ መማሪያዎች ውስጥ እያንዳንዱ ዐቢይ ርእስ «ይህ በምን ተለካ? ልኬቱስ በምን ተረጋገጠ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩለት፣ መምህራን ማሠልጠኛዎችም ለጥያቄዎቹ የሚሆኑ ቀላል ሙከራዎችን ለዕጩ መምህራን ቢያለማምዱ፣ ለውጡ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ሊጀመር ይችላል።